ከታርጋው ጀርባ

ሳሪስ አካባቢ ካሉት ጋራዦች በአንዱ ግቢ ውስጥ አንዲት ነጭ ቶዮታ ቪትዝ የኋላ በሯ ወደ ላይ ተከፍቶ ቆማለች። ባለሙያው የበሩን የውስጥ ፕላስቲክ ነቅለው መሬት ላይ ባነጠፉት ካርቶን ላይ አስቀምጠውታል። በእጅ ባትሪ ወደ ውስጥ ሲያበሩ መጀመሪያ ዓይን ውስጥ የሚገባው የአራት ብሎኖች ጫፍ ነው። ከውጭ ታርጋውን የያዙት ብሎኖች ቆርቆሮውን በስተው፣ ከሚያስፈልገው በላይ ረዝመው ወደ ውስጥ ዘልቀዋል። አንደኛው የሽቦ ጥቅል ላይ አርፏል። ሽቦዎቹን አንድ ላይ ያሰረው ጥቁር ቴፕ ተበልቶ የአንዱ ሽቦ መዳብ ወጥቶ ይታያል። ከብሎኖቹ ሥር እስከ በሩ የታች ጠርዝ ድረስ የዛገ ውኃ የወረደበት ቡናማ መስመር አለ። ውኃ እንዲያፈስ ተብሎ ከፋብሪካ የተተወው የታችኛው ቀዳዳ በብረት ብናኝና በጭቃ ተደፍኗል።

የመኪናዋ ባለቤት ወደዚህ የመጣችው ዝገት አስጨንቋት አይደለም። ማታ ላይ የኋላ መብራቱና የዳሽቦርዱ መብራት አብረው እየጠፉ አስቸገሯት። ፊውዝ ታስቀይራለች፣ ጥቂት ቀን ይሠራል፣ ጉድጓድ ውስጥ ገባ ወጣ ስትል መልሶ ይቃጠላል። በየቦታው የጠየቀቻቸው ሰዎች ባትሪውን፣ ከዚያ ማብሪያ ማጥፊያውን፣ ከዚያ አምፖሎቹን አስቀይረዋታል። ታርጋውን ያሰበ አልነበረም።

ባለሙያው ብሎኑን በጣታቸው ነካ አድርገው፣ «ይኸውልሽ የኔ ልጅ፣ ይቺ ናት ያንከራተተችሽ» አሏት።

በአንድ ፊውዝ የተያዙ መብራቶች

የመኪና የኋላ በር ከውጭ ሲያዩት ባዶ ቆርቆሮ ይመስላል። ውስጡ ግን ብዙ ነገር ያልፋል። የታርጋው መብራት ሽቦ፣ የበሩ መክፈቻ ሽቦ፣ የመጥረጊያው ሞተር ሽቦ፣ ካሜራ ያለው ከሆነ ደግሞ የካሜራው ሽቦ አለ። የታርጋ መብራቱ፣ መክፈቻውና ካሜራው ከታርጋው በላይ ወይም አጠገቡ ስለሚቀመጡ ሽቦዎቻቸውም የሚያልፉት እዚያው ድሪል በሚያርፍበት ሰፈር ነው።

በአንዳንድ የቶዮታ ሞዴሎች ላይ የኋላ መብራቱን፣ የታርጋ መብራቱንና የዳሽቦርዱን መብራት የሚመራው አንድ ፊውዝ ነው። ስለዚህ የብሎን ጫፍ የታርጋ መብራቷን ቀጭን ሽቦ ልጦ ከቆርቆሮው ጋር ካገናኛት የሚጠፋው የታርጋ መብራት ብቻ አይሆንም። ፊውዙ ሲቃጠል ሁሉም አብሮ ይጨልማል። ሹፌሩ የፊት መብራቱ ስለበራ መንገዱ ይታየዋል፣ ከኋላው የሚመጣው የጭነት መኪና ግን እሱን አያየውም። ከአዳማ ወይም ከደብረ ብርሃን በማታ የተመለሰ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋውም። ታርጋ አገጣጠም ላይ ይህን ያህል ቃል ማባከን ምን ያደርጋል ለሚል አንባቢ የእኔ መልስ ይኸው ነው፦ ነገሩ ከውበት ጋር ብቻ የተያያዘ አይደለም።

> ባለሙያው፦ «ታርጋ የሚያስር ሰው የሚያየው ከፊቱ ያለውን ቆርቆሮ ነው። ከጀርባው ምን እንዳለ የሚያይ አላጋጠመኝም።»

የማይገጥሙ ልኮች

የታርጋ ማረፊያ ቦታ የሚሠራው መኪናው መጀመሪያ የሚሸጥበት አገር በሚጠቀምበት ልክ ነው። የጃፓን መደበኛ ታርጋ ርዝመቱ 33 ሴንቲ ሜትር፣ ቁመቱ 16 ሴንቲ ሜትር ተኩል ሲሆን ሁለቱ ብሎኖች በ21 ሴንቲ ሜትር ይራራቃሉ። የአውሮፓው ረጅምና ቀጭን ነው፤ ርዝመቱ 52፣ ቁመቱ 11 ሴንቲ ሜትር አካባቢ። አሜሪካኖቹ 12 በ6 ኢንች ይጠቀማሉ። የባሕረ ሰላጤው አገሮች መኪኖች አጭሩንም ረጅሙንም ይዘው ይመጣሉ።

ጃፓኖች ለዚህች ብሎን የሚሰጡት ክብር ይገርማል። የኋላው ታርጋ የግራ ብሎን በትንሽ የአልሙኒየም ክዳን ይታሸጋል፤ ክዳኑ ላይ ታርጋውን የሰጠው አካባቢ ምልክት አለ። መኪናው ወደ ውጭ ሊሸጥ ሲሰረዝ ማኅተሙ ይሰበርና ታርጋው ለመንግሥት ይመለሳል። መኪናው መርከብ ላይ ሲወጣ ሁለት ንጹሕ፣ በፋብሪካ ጥርስ የወጣላቸው የብሎን ማሰሪያዎች ይዞ ነው። ጅቡቲ ሲደርስም አብረውት ናቸው።

ችግሩ የሚጀምረው እዚህ አገር ረጅሙ ታርጋ ለአጭር ታርጋ በተሠራው ጎድጓዳ ቦታ ላይ ሲመጣ ነው። የታርጋው ቀዳዳና የመኪናው ቀዳዳ አይገናኙም። በዚህ ጊዜ ገጣሚው ከታርጋው ላይ በልኩ አዲስ ቀዳዳ አውጥቶ በፋብሪካው ማሰሪያ ማሰር ይችላል፤ ወይም በመካከል የሚገባ ፍሬም ይጠቀማል፤ ወይም ታርጋውን ቆርቆሮው ላይ ለጥፎ በድሪል ሁለቱንም አንድ ላይ ይበሳል። ፈጣኑ ሦስተኛው ነው፣ በብዛት የሚሠራውም እሱ ነው። የፋብሪካው ጤነኛ ማሰሪያዎች ሁለት ጣት እልፍ ብለው፣ ማንም ሳይነካቸው ባዶ ይቀራሉ።

ያገለገለ መኪና ላይ ደግሞ ቀዳዳው አንድ ጊዜ ተበስቶ አይቆምም። ከክልል ወደ አዲስ አበባ ሲዛወር ታርጋ ይቀየር ነበር። ከኮድ 3 ወደ ኮድ 2 ሲለወጥም ይቀየር ነበር። ሲጠፋና በምትኩ ሌላ ሲወጣም እንደዚሁ ነው። እያንዳንዱ ገጣሚ የቀደመው ከበሳው አጠገብ የራሱን ይበሳል። ከአንድ ታርጋ ጀርባ ስድስትና ሰባት ቀዳዳ ያገኙ ባለሙያዎች ይህን የሚያወሩት እንደ ተራ ነገር ነው።

«ቶሎ በል» የሚሠራው ሥራ

ታርጋ የሚገጥመው ሰው ማነው? አንዳንዱ ታርጋው በተሰጠበት ግቢ ውስጥ ያስገጥማል። ሌላው ደጅ ላይ ድሪሉን ይዞ የሚጠብቅ ወጣት ጋ ያስገጥማል። ቤቱ ወስዶ ሰፈሩ ያለ ጎሚስታ ጋ የሚያስገጥምም ብዙ ነው። ሥራው እንደ ሙያ ስለማይቆጠር የሚያስተምረውም፣ የሚቆጣጠረውም የለም። የሚገጥመው ልጅ የታሸገ የቆርቆሮ ብሎን ገዝቶ በኪሱ ይይዛል፤ ለቪትዝም ለሲኖትራክም የሚያወጣው ከዚያው ኪስ ነው።

ከእነዚህ ወጣቶች አንዱ ሲናገር ቅሬታው እውነት አለው። «ባለመኪናው ሊብሬና ታርጋ ሲጨርስ ቀኑ መሽቶበታል፣ ደክሞታል። ቶሎ በል ነው የሚለኝ። ውስጡን ፈትቼ ልየው ብለው ማን ይጠብቀኛል? ማንስ ይከፍለኛል?» ይላል። ብሎኑ ለምን እንደሚረዝም ሲጠየቅ ደግሞ ሌላ ምክንያት ያመጣል፦ ታርጋ ይሰረቃል፤ ረጅም ብሎን ካልሆነ በቀላሉ ይነቀላል ብሎ ደንበኛው ራሱ ያዘዋል። በሪቬት የሚያስመታ ባለመኪና የሚበዛውም ለዚህ ነው።

የስርቆት ሥጋቱን ማንም ሊንቀው አይገባም። ግን የብሎን ርዝመት ሌባ አያስቆምም። ድሪል ሳይሆን ካቻቪቴ የያዘ ሌባም ረጅሙን ብሎን ለመፍታት የሚፈጅበት ጥቂት ሰከንድ ተጨማሪ ነው። ሌባን የሚያዘገየው የብሎኑ ራስ ዓይነት ነው፤ በተራ ካቻቪቴ የማይፈታ ራስ ያለው አጭር ብሎን ሥራውን ይሠራል፣ ከጀርባም ማንንም አይወጋም። ሪቬት ደግሞ ለመንቀል የግድ እንደገና በድሪል መበሳት አለበት። በሚቀጥለው የታርጋ ለውጥ ቀዳዳው ይሰፋል፤ የተቆረጠው የሪቬት ጅራትም በሩ ውስጥ ወድቆ ጉድጓድ በተገኘ ቁጥር ይንኳኳል።

ደላሎች በዚህ ጉዳይ ላይ ያላቸው አቋም አጭር ነው። አንድ የረጅም ጊዜ ደላላ እንዳለው ገዢ ኮፈን ያስከፍታል፣ ጭስ ያያል፣ ቀለም በማግኔት ይለካል፣ ታርጋ ነቅሎ ግን አያይም። ስለማያይም ማንም ዋጋ ላይ አይቆጥረውም።

ውኃው የት ይሄዳል

የበሩ ቆርቆሮ ውፍረት አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። ከዝገት የሚጠብቀው ከላዩ ያለው ቀለምና ከቀለሙ ሥር የተቀባው ዚንክ ነው። ድሪል ሲበሳው የቀዳዳው ክብ ጠርዝ ራቁቱን ይቀራል። ጠርዙ ላይ ቀለም የለም፣ ዚንክ የለም፤ ያለው ብረት ነው። ከዚያ ሐምሌ ይመጣል።

የዝናቡ ውኃ በታርጋውና በበሩ መካከል ገብቶ ይቀመጣል። ታርጋው ጠፍጣፋ ስለሆነ ከጀርባው ያለው ርጥበት ፀሐይም ነፋስም አያገኘውም። ብሎኑ ተራ ብረት ከሆነ ራሱ ይዝጋል፤ ታርጋው አልሙኒየም ስለሆነ ደግሞ ከብረቱ ብሎን ጋር በተነካካበት ቦታ እርጥበት ሲያገኝ መበላት ይጀምራል። የብሎኑ ዙሪያ ነጭ ዱቄት መሰል ነገር ያወጣ ታርጋ ያየ ሰው ያየው ይህንን ነው። ከጊዜ በኋላ ቀዳዳው ይሰፋል፣ ታርጋው ይላላል፣ በነፋስ ይንቀጠቀጣል፤ ጠርዙም ቀለሙን እየፋቀ ሌላ ራቁት ብረት ይከፍታል።

የውስጡ ይብሳል። ድሪሉ የፈለፈለው የብረት ብናኝ ወደ ውጭ ብቻ አይበተንም፣ ግማሹ በሩ ውስጥ ይወድቃል። ያ ብናኝ ቀለም የሌለው ራቁት ብረት ስለሆነ በመጀመሪያው ዝናብ ይዝጋል፣ የወደቀበትንም ያስይዛል። ወደ ታች ተንሸራቶ የማፍሰሻ ቀዳዳዎቹን ሲደፍን የገባው ውኃ መውጫ ያጣል። የኋላ በሮች ከሥር ጠርዛቸው፣ ሁለቱ ቆርቆሮዎች በተጣጠፉበት መስመር ላይ እየፈነዱ የሚዝጉበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ገዢው ሥሩን ሲያይ «የባሕር ዳርቻ አገር መኪና ነው» ብሎ ያልፋል። መኪናው የዛገው አዲስ አበባ ውስጥ ሊሆን ይችላል።

> ቀዳዳው የሚበሳው በአንድ ደቂቃ ነው። ጉዳቱ የሚቆጠረው በክረምት ነው።

ፓራውልቱ ሲሰነጠቅ

የፊቱ ታርጋ ሌላ ችግር አለው። የዛሬ መኪኖች ፓራውልት ፕላስቲክ ነው፤ ተፈቶ ጀርባው ሲገለበጥ በአብዛኛው «ፒፒ» የሚሉ ፊደላት ታትመውበት ይገኛሉ፣ ፖሊፕሮፒሊን ማለት ነው። ይህ ፕላስቲክ ሲገጭ እንዲተጣጠፍ የተሠራ ነው። የቆርቆሮ ብሎን በደረቁ ሲነዳበት ግን ጥርሱ ፕላስቲኩን እየተረተረ ይገባል፣ የብሎኑ ራስ ከልክ በላይ ሲጠብቅም ከቀዳዳው ቀጭን ስንጥቅ ይነሳል። ስንጥቁ መጀመሪያ ላይ ከታርጋው ሥር ተደብቆ ይቆያል። መኪናው ከመንገድ ዳር ድንጋይ ጋር ትንሽ ሲነካካ ወይም ፀሐይና ብርድ ሲፈራረቅበት ይረዝማል። አንድ ቀን ከታርጋው ጠርዝ ወጥቶ ይታያል።

የመኪና ማቆሚያ ሴንሰር ያለው ከሆነ የሴንሰሮቹ ሽቦ ከፓራውልቱ ጀርባ ከዳር እስከ ዳር ተዘርግቶ ያልፋል። በአንዳንድ አዳዲስ ሞዴሎች ላይ ደግሞ ከፊት ያለውን መኪና ርቀት የሚለካው ራዳር ከታችኛው የፊት መከለያ ጀርባ ተቀምጧል። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ካደረገ ወዲህ መንገዱን የሞሉት የኤሌክትሪክ መኪኖች እንዲህ ዓይነት መሣሪያ በብዛት ይዘው ይመጣሉ። ራዳሩ ፊት ለፊት የተለጠፈ ታርጋ ጨረሩን ይጋርደዋል፤ ዳሽቦርዱ ላይ የማስጠንቀቂያ መብራት ይበራል፣ ባለቤቱም ኮምፒዩተር የሚያነብ ሰው ፍለጋ ይንከራተታል። ታርጋው ወደ ጎን ወይም ወደ ላይ ጥቂት ቢንቀሳቀስ ኖሮ ችግሩ አይኖርም ነበር።

ማን ይጠየቅ

የ2002ቱ የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681 መኪና ታርጋ እንዲኖረው ያስገድዳል። ታርጋ ማሰር የባለቤቱ ፈቃድ አይደለም ማለት ነው። ታዲያ ሕግ ባስገደደው ሥራ ምክንያት መኪናው ሲበላሽ የሚጠየቅ ሰው መጥፋቱ ትክክል አይደለም። ታርጋ የሚሰጠው አካል ታርጋውን ከአራት የማይዝጉ አጫጭር ብሎኖች፣ ከፕላስቲክ ማሰሪያቸውና ከአንድ ገጽ የአገጣጠም መመሪያ ጋር አብሮ ቢሰጥ የሚጨምረው ወጪ ከታርጋው ዋጋ አንጻር እዚህ ግባ የሚባል አይሆንም። በግቢው ውስጥ የሚያስገጥም ከሆነም የገጣሚው ስም ደረሰኙ ላይ ይጻፍ። ስሙ የተጻፈ ሰው ድሪሉን ከማስነሳቱ በፊት ከጀርባ ያለውን ያያል።

ያ እስኪሆን ግን ባለመኪናው ያለው የተለመደው ሕግ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በጥፋቱ በሌላ ሰው ላይ ጉዳት ያደረሰ እንዲክስ ያዛል፤ ገጣሚም ከዚህ አያመልጥም። ከባዱ ነገር ማስረጃው ነው። ሲገጠም ቆሞ ያየ፣ ፎቶ ያነሳ፣ ለከፈለው ደረሰኝ የተቀበለ ሰው መነጋገሪያ አለው። ከሁለት ክረምት በኋላ በዝገት የመጣ ሰው ማንን ይከሳል?

ያገለገለ መኪና ገዝቶ ችግሩን ያገኘው ገዢ ሁኔታ የተለየ ነው። ያው ሕግ ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ዋስ ነው ይላል፤ ገዢም ዕቃውን እንዲመረምርና ጉድለት ሲያገኝ ሳይዘገይ ለሻጩ እንዲያስታውቅ ይጠብቅበታል። በዓይን የሚታየውን ጉድለት ያላየ ገዢ ብዙ አያገኝም። ውልና ማስረጃ ፊት በሚቀርቡት የመኪና ሽያጭ ውሎች ላይም «ባለበት ሁኔታ አይቼና ፈትሼ ገዝቻለሁ» የምትል ዐረፍተ ነገር አትጠፋም። የተበላ ሽቦ ከበር ውስጥ ተደብቆ ሊሆን ይችላል፤ ከታርጋው ጠርዝ የወጣ ስንጥቅ ግን አይደበቅም። ለዚህ ሲባል ፍተሻው ከውሉ በፊት ይሁን። ሻጩ ቀዳዳዎቹን እያወቀ በስቱኮ ሸፍኖ ቀለም ካስቀባቸው ነገሩ ወደ ማታለል ይሄዳል፣ ያኔ ያቺ ዐረፍተ ነገር ብቻዋን አታድነውም።

ፍተሻው ብዙ አይፈጅም። ታርጋውን በሁለት እጅ ይዞ መነቅነቅ፤ ከተነቃነቀ ቀዳዳው ሰፍቷል። በብሎኖቹ ሥር ቡናማ መስመር መኖሩን ማየት። የኋላ በሩን ከፍቶ የሥሩን ጠርዝ በጣት መዳሰስና የማፍሰሻ ቀዳዳዎቹ ክፍት መሆናቸውን ማረጋገጥ። ማታ ወይም ጨለማ ቦታ የታርጋውን መብራት አብርቶ በሩን ደጋግሞ መክፈትና መዝጋት፤ መብራቱ ብልጭ ድርግም ካለ ሽቦው ተነክቶ ሊሆን ይችላል። ሻጩ ከፈቀደ ደግሞ አንዱን ብሎን ፈትቶ ርዝመቱን ማየት። ብሎኑ ሲወጣ ዝገት ይዞ ከወጣ የዋጋ ንግግሩ ከዚያ ይጀምራል።

መጠገን፣ ግን ከጀርባ

ወደ ቪትዟ ጋራዥ እንመለስ፤ ጥገናው በዝርዝር ሊታይ ይገባዋልና። ባለሙያው መጀመሪያ የባትሪውን ነጌቲቭ ነቀሉ። ከዚያ ብሎኖቹን አንድ በአንድ ፈትተው ታርጋውን አወረዱ። ብናኙን የሰበሰቡት በአቧራ መጥረጊያ ማሽን ሲሆን ማፍሰሻዎቹን በቀጭን ሽቦ ከፈቱ። የተላጠውን ሽቦ በቴፕ ብቻ ጠቅልለው አላለፉትም። መዳቡ አረንጓዴ ለብሶ ስለነበር ያን ክፍል ቆርጠው አወጡት፣ በአዲስ ሽቦ ቀጠሉት፣ በቆርቆሮ ብየዳ አጠነከሩት፣ በሙቀት የሚጠብቅ ፕላስቲክ አለበሱት። የሽቦውን ጥቅል ደግሞ ከታርጋው ቦታ አርቀው አሰሩት።

ቀጥሎ ዝገቱ። ብዙ ጋራዥ እዚህ ላይ በችኮላ ስቱኮ ሞልቶ ይቀባል። ስቱኮ ርጥበት ይይዛል፤ ከሥሩ ዝገት ካለ ሥራው ከዓመት አይዘልም። ትክክለኛው መንገድ ዝገቱን ብረቱ እስኪያበራ ድረስ መጥረግ፣ የቀዳዳውን ጠርዝ ከውስጥም ከውጭም ፀረ ዝገት መቀባት፣ ሲደርቅ ቀለም መደረብ፣ በመጨረሻም የበሩን ውስጥ ሰም መሰል የዝገት መከላከያ መርጨት ነው።

የማያስፈልጉት ቀዳዳዎች ይበየዱ ወይስ ይወተፉ የሚለው ባለሙያዎችን ያከራክራል። የላሜራ ሰዎች ብየዳን ይመርጣሉ፤ ለዘለቄታው የሚዘጋ እሱ ነው ይላሉ። እኔ ከታርጋ ጀርባ ለሚደበቅ ትንሽ ቀዳዳ ብየዳን አልደግፍም። የብየዳው ሙቀት በቀዳዳው ዙሪያ ያለውን ዚንክና ቀለም ያቃጥላል፣ ከጀርባ ያለውንም ሽፋን ያጠፋል፤ ስለዚህ ጥቂት ሚሊ ሜትር ለመዝጋት አራት ጣት ራቁት ብረት ይፈጠራል። ጠርዙ በደንብ ከተቀባ በኋላ የጎማ ውታፍ ማስገባት ይበቃል። ውታፉ ላይ ሲሊኮን የሚጨምር ሰው ሽታውን ልብ ይበል። ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸተው ለመታጠቢያ ቤትና ለመስታወት የተሠራው ሲሊኮን ሲደርቅ አሲድ ያወጣል፣ ብረትንም ያዝገዋል። ለመኪና አካል የተሠራው ኮምጣጤ አይሸትም።

ፓራውልት ሲሆን ስቱኮ ፖሊፕሮፒሊን ላይ ስለማይያዝ ተልጦ ይወድቃል። ስንጥቁ በሙቀት ይያያዛል፦ በስንጥቁ ጫፍ ላይ ተጨማሪ እንዳይሄድ ትንሽ ክብ ቀዳዳ ይወጣል፣ ከጀርባ በኩል በጋለ ብረት ቀጫጭን የብረት ማያያዣዎች ይቀበራሉ፣ ከላዩ ተመሳሳይ ፕላስቲክ ይቀልጥበታል። ይህን አሳምረው የሚሠሩ ወጣቶች በከተማው ብዙ ናቸው። ሶማሌ ተራ ሄዶ ያገለገለ ፓራውልት ከመግዛት በፊት እነሱን ማማከር ይሻላል፤ እዚያ የሚገኘውም ብዙውን ጊዜ የራሱ ቀዳዳ አለው።

በትክክል ማሰር

ታርጋው ተመልሶ ሲታሰር የተሠራው ሥራ ለማንኛውም ባለመኪና ይሠራል። የፋብሪካው ማሰሪያዎች የት እንዳሉ ተፈለገ። አንደኛው ጥርሱ ስለዛገ በመጥረጊያ ጸዳ። ጠንካራ የፕላስቲክ ፍሬም ተወሰደና የፍሬሙ ቀዳዳ በፋብሪካው ማሰሪያዎች ልክ ወጣ። የተበሳው ፍሬሙ ነው፣ መኪናዋ አልተነካችም። ታርጋው ፍሬሙ ላይ ታሰረ። ብሎኖቹ የማይዝግ ብረት፣ ርዝመታቸው ማሰሪያውን ሞልቶ ከጀርባ የማያልፍ ነበር፤ በብሎን ራስና በታርጋው መካከል የፕላስቲክ ሮንዴላ ገባ፣ ብረትና አልሙኒየም እንዳይነካኩ። ከፍሬሙ ጀርባ በአራቱ ማዕዘን ቀጭን ስፖንጅ ተለጠፈ፤ ለመንቀጥቀጡም ውኃው ቆሞ እንዳይቀርም ይረዳል። ፍሬም ሲመረጥ አንድ ነገር መዘንጋት የለበትም፦ የታርጋውን ቁጥርና ፊደል በከፊልም ቢሆን መሸፈን የለበትም።

የፋብሪካ ማሰሪያ ፈጽሞ የማይገኝበት መኪናም አለ። ያኔ መብሳት ግድ ይሆናል፣ ግን ከውስጥ ፕላስቲኩ ተነቅሎ፣ ከጀርባ ያለው ታይቶ፣ ሽቦው ተገለል ተደርጎ፣ ድሪሉ ወደ ውስጥ እንዳይሰምጥ ጫፉ ላይ ቴፕ ተጠቅልሎ ነው። የቀዳዳው ጠርዝ ወዲያው ይቀባል። ከዚያ ቀዳዳው ውስጥ የፕላስቲክ ማሰሪያ ይገባና ብሎኑ እሱን ይይዛል፤ ብረቱን አይነካውም። ይህ ሁሉ ተደምሮ ከግማሽ ሰዓት ብዙም አያልፍም።

በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን ዋጋ ሰማይ ከሰቀለው፣ ቀጥሎም የነዳጅ መኪና መግባት ካቆመ ወዲህ አገር ውስጥ ያለችው ቪትዝ ምትክ የላትም። ሦስተኛና አራተኛ ባለቤት ጋ ትደርሳለች፤ በእያንዳንዱ ዝውውርም ታርጋዋ ሊነካ ይችላል። የሳሪሱ ባለሙያ ሥራቸውን ሲጨርሱ ለባለቤቷ የበሩን ውስጥ በስልኳ ፎቶ እንድታነሳ ነገሯት። ሽቦው የት እንደሚያልፍ፣ ማሰሪያዎቹ የት እንዳሉ ይታያል። ታርጋ መቀየር የሚያስፈልግ ቀን ለሚገጥመው ልጅ ፎቶውን ታሳየዋለች፤ መኪናዋን የሸጠች ቀንም ለገዢው ታስተላልፈዋለች።